የአባቴ ሰዓት ጀርባ

አባቴ መደቡ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ብርሃኑ በግራ ጉንጫቸው በኩል እንዲመጣላቸው ፊታቸውን ጥቂት አዘንብለዋል። ቤት ውስጥ ከነበሩን ሁለት ወንበሮች በደህናው ላይ፣ ከአባቴ ፊት ለፊት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የሒሳብ አስተማሪ ሚስተር ፖል ተቀምጧል፤ ቅልጥሙ ረጅም ስለነበረ ወንበሩ የልጅ ወንበር መስሎበታል። በሌላው ወንበር ላይ የአባቴ የሥራ ባልደረባ አቶ ይልማ፣ የሽያጩን ውል ሊጽፉ ወረቀትና ብዕር ይዘው ተዘጋጅተዋል። እናቴ በጓዳው መጋረጃ አጠገብ ቆማለች፤ የሚታየው ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪው ጋሼ ሙሳ በሩ ላይ፣ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አድርጎ ቆሟል፤ ግባ ቢባልም ጫማዬ አቧራ ነው ብሎ አልገባም። እኔ ምሰሶው አጠገብ ትሪ ይዤ ቆሜአለሁ። ትሪው ላይ ሽያጩ ሲያልቅ የሚጠጣ ጠጅ በብርሌ፣ ለጋሼ ሙሳ ደግሞ እናቴ ለብቻው ያዘጋጀችው ብርዝ በብርጭቆ አለ። ቀኑ የዳግም ትንሣኤ ዕለት ነው፤ ከቀትር በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። የሚሸጠው የአባቴ የኪስ ሰዓት ነው። በሰዓቱ ዋጋ አባቴ አዲስ አበባ ሄደው ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር ያጋጠመኝ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ መናኸሪያው አጠገብ የሞባይል መሸጫ አለው። አንድ ቀን ጠዋት ደወለና፣ የድሮ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ በየከተማው እየዞረ መሆኑን፣ እሱም ስለ አያቱ ሰዓት እንደነገረው፣ ይዤ ብመጣ ደስ እንደሚለው አጫወተኝ። ሰዓቱ ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከሣጥኔ አውጥቼ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሰብሳቢው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ነው ሰላም ያለኝ። አንድ ዓይኑ ላይ ትንሽ ማጉያ ሰክቶ ሰዓቱን አየው፤ ገለበጠው፤ መልሶ አየው። ከዚያ ዝም አለ። ያንን ዝምታ አወቅሁት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «ይሄ ትልቅ ሰዓት ነበር። ግን ኦርጅናሉን ገድለውታል።»

ተቀምጦ በትዕግሥት አስረዳኝ። ፊቱ በላዩ ላይ ተቀብቷል፤ ቆጣሪዎቹ የሌላ ሰዓት ናቸው፤ ጀርባው ተፍቆ ተወልውሏል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነካ ዕቃ ነው አለኝ። ቢደበዝዝ፣ ቢቧጨር፣ ፊቱ ቢሰነጠቅ ግድ የላቸውም፤ እንዲያውም ቧጨራው ራሱ ዋጋ አለው፤ ዕቃው የኖረበት ነውና። ሰው ላሳምረው ብሎ እጁን ያሳረፈበት ቀን ግን ዋጋው ያልቃል፤ የነካው እጅ ምን ጎበዝ ቢሆን። የቁጥሮቹን ቁንጅና አልካደም። ሰዓቱን የሠራው ፋብሪካ ራሱ በግዕዝ ቁጥር አውጥቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤት ይገዛ ነበር አለና ሳቀ። አሁን ግን እሱ ሊገዛ የሚችለው ቅርፊቱን፣ በብሩ ክብደት ነው። ሲጨርስ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የድሮ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሞቷል» አልኩት። እሱም የእህቴም ልጅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓቱን ጠቅልዬ ተመለስኩ። በመንገዴ ላይ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ይህን ደብተር ገዛሁ።

መንገዱ ዛሬ ድንጋይ ለብሷል፤ ባጃጅ ላይ ታች ይልበታል። ያን ጊዜ በክረምት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥም ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ ነጠላን የሚያቀላ አቧራ ነበር። ከማርቆስ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ በስተቀኝ የጨርቃ ጨርቅ ሱቆች ተደርድረው ነበር፤ ባለቤቶቹ አብዛኞቹ እስላሞች ነበሩ፤ አቡጀዲውን በክንድ ለክተው በጥርሳቸው ጫፉን ነክሰው ሲቀዱት የሚሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከሱቆቹ ማዶ አንድ ጠጅ ቤት ነበር። በሩ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሸክላ ይዘፈናል። የማጫወቻው መርፌ ስለደነዘዘ ዘፋኞቹ ሁሉ ጉንፋን የያዛቸው ይመስሉ ነበር፤ እኛ ተማሪዎች ዘፈኖቹን የለመድናቸው እንደዚያው ጉንፋን እንደያዛቸው ነው፤ በኋላ በሬዲዮ በጥሩ ድምፅ ስሰማቸው የሌላ ሰው ዘፈን መሰሉኝ። ሴቶቹ ተማሪዎች ሰማያዊ ሹራብና ሽንሽን ጉርድ ነበር የምንለብሰው። ነጭ ሸራ ጫማ ሦስት ብር ነው፤ በጠመኔ እናነጣዋለን። እንቁላል በአሥር ሳንቲም አራት ይሰጡናል፤ በስሙኒ የገዛነውን ስኳር እናቴ በቆርቆሮ ዘግታ ለእንግዳ ታስቀምጠው ነበር። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣታችንን ያደነዝዘው ነበርና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ እርሳስ መያዝ ያቅተን ነበር። ብርዱ ዛሬም አለ። ሌላው የለም።

ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ በአንዱ በረንዳ ሥር ጋሼ ሙሳ ይሠራ ነበር። አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፣ ባለ መስተዋት ሣጥን። ከኋላው ግድግዳ ላይ ስድስት ሰባት የግድግዳ ሰዓቶች ተሰቅለው ነበር፤ ግማሾቹ በሀበሻ፣ ግማሾቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞሉ። ከገጠር የመጡ ሰዎች ቆመው እያዩ፣ ሙሳ ጧትና ማታን አንድ ላይ የሚያኖር ሰው ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም «አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል» ይላቸው ነበር። ሽበት የጀመረው፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ እንደ ሴት ጣት የረዘሙ ሰው ነው። ሲሠራ ከአፉ መንዙማ አይለይም፤ ሥራው ሲከብድ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጭርሱን ሲጠፋ፣ ያን ጊዜ ማንም አያናግረውም። ከአማኑኤል፣ ከመርጡለ ማርያም ሳይቀር ሰዓት ይመጣለት ነበር።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ወደ ፍርድ ቤት ከመግባታቸው በፊት በወጣትነታቸው ለአንድ መንገድ ቀያሽ ፈረንጅ አስተርጓሚ ሆነው ሠርተዋል። ሰውየው ከአማኑኤል እስከ ዓባይ አፋፍ አገሩን በእግሩ ሲለካ፣ ከባላገሩ ጋር ያለውን ንግግር ሁሉ የተሸከሙት አባቴ ናቸው። ሲለያዩ ከኪሱ ሰዓቱን አውጥቶ ሰጣቸው፤ ከመስጠቱ በፊት ጀርባውን አዲስ አበባ ልኮ አስቀርጾበታል። የፈረንጅ ፊደል ነው። አባቴ ለእኔ ሲተረጉሙልኝ፣ የራሳቸውንና የሰውየውን ስም ያነቡና «ቃሌን ወንዝ ላሻገረልኝ ይላል» ይሉኝ ነበር። ሰዓቱ ከብር የተሠራ፣ መዳፍ የሚሞላ ነው። ፊቱ እንደ ሲኒ ነጭ የነበረ ሲሆን እኔ ሳውቀው ወደ ቢጫ አድልቶ ነበር፤ ከአራት ቁጥር አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረው። ቆጣሪዎቹ ሰማያዊ ናቸው፤ አንደኛው ዝጎ ነበር። አባቴ የሚያስቡ ጊዜ ሰዓቱን ጨብጠው በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ያሹ ነበር። ፍርድ ቤት ተቀምጠው ምስክር ሲሰሙ፣ ቤት ውስጥ ጸሎት ሲያዳምጡ፣ እናቴ ስትቆጣቸው ሳይቀር ጣታቸው እዚያ ነው። ፊደሎቹ ከዚያ የተነሣ ግማሽ ያህል ተበልተው ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ፋኖሱን ወቀሱ፤ ቀጥሎ ቀለሙን ወቀሱ፤ የመንግሥት ቀለም ውኃ ሆኗል አሉ። አሥረኛ ክፍል ስደርስ የሚጽፉት መስመር ወደ ታች እየወረደ ከወረቀቱ ይወጣ ነበር። አቶ ይልማ ለተወሰነ ጊዜ ማታ ማታ ገልብጠው ሸፈኑላቸው። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ሞራ ነው፣ አዲስ አበባ ሄደው በቶሎ ካልተገፈፈ ሌላ ነገር ይጨምራል አለ። መኪናው፣ ማረፊያው፣ ሐኪሙ፣ ተደምሮ ከአባቴ አቅም በላይ ሆነ። ደመወዝተኛ ነን፤ በአማኑኤል በኩል የነበረው የአባቴ ርስት በዘመድ ክርክር ታስሮ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰዓቱን የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። ከመደቡ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ «የሺ፣ ስንት ሆነ?» ይሉኛል፤ አንብቤ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ስጭኝ ይሉና ተቀብለው ጀርባውን ያሻሉ።

ሚስተር ፖል ቤታችን የመጣው በእኔ ምክንያት ነው። ሒሳብ እንደምወድ ለአባቴ ሊነግር፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ሳልዳር እንድማር ሊለምን። አባቴ እንዲያው ለጨዋታ ሰዓቱን አሳዩት። ሰውየው የመጣበትን ረሳ። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ፣ ጀርባውን ጮክ ብሎ በራሱ ቋንቋ አነበበው። የድሮ ሰዓት እንደሚሰበስብ፣ እንዲህ ያለ ግን እንደሌለው፣ የሚሸጥበት ቀን ቢመጣ ለሌላ እንዳይሰጡት ለመነ። አባቴ ሳቁ። ዓመት ሳይሞላ ግን እኔኑ ላኩኝ። ሚስተር ፖል የሚከፍለውን ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፤ አዲስ አበባ አድርሶ የሚመልስ፣ ሐኪሙንም የሚከፍል ነው። ገንዘቡ ከአገሩ ስለሚመጣ ከፋሲካ በኋላ ዳግም ትንሣኤ ዕለት ቤታችን መጥቶ እንደሚወስደው ተስማማን። አንዳችም ሌላ ነገር አላለኝም። እኔም ምን ዓይነት ሰዓት እንደሚወድ አልጠየቅሁትም።

እኛ አገር ዕቃ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ይታጠባል። በቅሎ የሚሸጥ ሰው ቀድሞ ያሻታል፤ ጋማዋን ይከረክማል፤ ግላሷን ያራግፋል። እናቴ ፈትላ ያሠራችውን ኩታ ለገዢ ከመስጠቷ በፊት አጥባ በፀሐይ ታሰጣው ነበር። እንዳለ አንሥቶ መስጠት ገዢውን መናቅ ይመስለናል። እኔም ሰዓቱን ባየሁት ቁጥር ሐሳብ ገባኝ። ቢጫ ፊት፣ ስንጥቅ፣ የዛገ ቆጣሪ፣ የተበላ ጽሑፍ። ሰውየው በተስማማንበት ቀን ደህና አድርጎ ቢያየውና ዋጋውን ቢቀንስስ? ከሁሉ ያሳሰበኝ የሰው ስም ነው። የሌላ ሰው ስም የተጻፈበትን ዕቃ ማን በገንዘቡ ገዝቶ በኪሱ ይይዛል? ደግሞ ሚስተር ፖል ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ብራናና መስቀል እንደሚገዛ፣ ግድግዳውን ሁሉ በግዕዝ ጽሑፍ እንደሞላው ከተማው ያውቃል። እንግዲህ ሰዓቱ በግዕዝ ቁጥር ቢሆንለት ከተስማማንበት በላይ ይጨምር ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በትምህርቴ ጎበዝ ነበርኩ። አስቤ የምደርስበት ነገር የሚሳሳት አይመስለኝም ነበር።

የፋሲካ ሰኞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። አባቴን፣ ጋሼ ሙሳ ዘይት ቢቀባው ጥሩ ነው አልኳቸው። ውሰጂው አሉኝ። ጋሼ ሙሳ የምፈልገውን ስነግረው መጀመሪያ ቀለደብኝ፤ «አንቺ ልጅ፣ የምናዘጋጀው ለሽያጭ ነው ለሰርግ?» አለኝ። ቀጥሎ ግን ዓይኑ በራ። እንዲህ ያለ ሥራ ማንም አዞት አያውቅም ነበር። ነጩን ቀለም ከየት እንደሚያገኝ፣ ከየትኛው የተሰበረ ሰዓት ላይ ወርቃማ ቆጣሪ እንደሚያወጣ ለራሱ ይቆጥር ጀመር። የግዕዙን ቁጥር አጻጻፍ ስለማያውቀው በማግሥቱ የአባቴን ዳዊት ከማኅደሩ አውጥቼ ወሰድኩለት። እጄ የዘይት ነው፣ የእናንተን መጽሐፍ አልነካም፣ አንቺው ግለጪልኝ አለ። ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ አሥራ ሁለተኛው እየገለጥኩ፣ ቁጥሩን በጣቴ እያሳየሁ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ከድመት ፀጉር በሠራት ብሩሽ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ በአንድ አሰፈራቸው። ፯ን ሲጽፍ መንዙማው ጠፋ። ፲፪ን ጨርሶ ብሩሹን ሲያስቀምጥ ግንባሩ ላብ ነበር። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ዛሬም ቢሆን ቆንጆ ነው።

ከዚያ ሰዓቱን ገለበጠው።

«ይህንን ጽሑፍ ምን ላድርገው?»

«ይጥፋ» አልኩት።

ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህ የሰው ቃል ነው፣ የሺ። አባትሽ ያውቃሉ?»

«እሳቸው ናቸው የላኩኝ።»

ጥቂት ካየኝ በኋላ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሣ። ፊደሎቹ ቀድመው በአባቴ ጣት ስለተበሉ ብዙ አልደከመም። በአመድና በሎሚ ሲወለውለው ጀርባው ፊት የሚያሳይ መስተዋት ሆነ። ዋጋውን ብጠይቀው እንቢ አለኝ። «የእኔን ዋጋ አባትሽ ዓይናቸው ሲበራ፣ በዚህ ሲያልፉ ቀና ብለው አይተው ይከፍሉኛል» አለ። ቀለሙ እስኪደርቅ እሱ ዘንድ ቢቆይ ይሻላል፣ ዳግም ትንሣኤ ዕለት ራሴ አመጣዋለሁ አለኝ። አባቴ በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ጠየቁኝ፤ ዘይቱ እየሠራ ነው አልኳቸው። ጣታቸው የሚያሸው አጥቶ የጋቢያቸውን ጫፍ ያሽ ነበር።

እሑድ ከላይ እንደጻፍኩት ሁላችንም በየቦታችን ሆንን። ጋሼ ሙሳ ለበዓል የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ ሰዓቱን በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ከበሩ ላይ ሆኖ ክንዱን ዘርግቶ ለሚስተር ፖል ሰጠው። ሰውየው ሥራውን አይቶ ሲደሰት ሊያይ ነው የመጣው። ሚስተር ፖል መሐረቡን ፈታ። ፊቱን አየ። ገለበጠ። ጀርባውን አየ። መልሶ ገለበጠ። ዝም አለ። ከኪሱ ወጣ ያለው የገንዘቡ ፖስታ ጫፍ ይታየኝ ነበር፤ በሁለት ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። ከዚያ በሰባራ አማርኛው፣ ቀስ ብሎ፣ «ይቅርታ አቶ ተገኘ። ይህን ሰዓት መግዛት አልችልም» አለ። አባቴ ዋጋው ከብዶህ ከሆነ እንነጋገር አሉት። ዋጋው አይደለም አለ። ለሐኪም የሚሆን ጥቂት ገንዘብ እንዲያው ልስጥዎት አለ። አባቴ «ዕቃ ልሸጥልህ ነው የጠራሁህ» አሉት፤ ሰውየው አንገቱን ደፋ።

ምክንያቱን ለእኔ የነገረኝ በሳምንቱ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ነው። ጥቁር ሰሌዳውን እያጠፋሁ ነበር። ሰዓት በየሱቁ ሞልቷል አለኝ፤ እሱ ሊገዛ የነበረው የአንድ ሰው ጣት ዕድሜ ልኩን ያሸውን፣ የአንድ ሰው ቃል ያለበትን ነው፤ ያ ከሌለ የሚገዛው የለም። ማን እንዳደረገው አልጠየቀኝም። የትምህርቱ ዘመን ሲያልቅ ወደ አገሩ ሄደ። ያ ልጅ ባለፈው ወር መናኸሪያው አጠገብ የነገረኝ ሚስተር ፖል ያን ጊዜ ከነገረኝ ላይ አንድ ቃል አልጨመረም።

አባቴ በዓመቱ ሥራቸውን ለቀቁ። እኔ ትምህርቴን ከአሥራ አንደኛ ክፍል አቋርጬ ክስ የሚጽፍላቸው እጅና የሚያነብላቸው ዓይን ሆንኩ፤ ቤት ተቀምጠው ለባለ ጉዳይ የሚናገሩትን እኔ እጽፍ ነበር። የርስቱ ክርክር አልቆ ገንዘብ ሲገኝ አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መረመራቸውና ሞራው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር አለ፤ ከኋላው ሌላ በሽታ ገብቶ ዓይኑን ጨርሶታል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ አለ። ስንመለስ መኪናው ዓባይን ሲወርድ አባቴ፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ አሉኝ። ደርሰናል ስላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ሰዓቱ እንደ ድሮው ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ «የሺ፣ ስንት ሆነ?» ይሉኛል፤ ፯ ወይም ፱ ላይ ያለውን ቆጣሪ አይቼ እነግራቸዋለሁ። ስጭኝ ብለውኝ ግን አያውቁም።

ስለ ጋሼ ሙሳ ከተማው በአንድ ሳምንት ሰማ። አቶ ይልማ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ሙሳ የአቶ ተገኘን ሰዓት ሳይታዘዝ ነካክቶ ዓይናቸውን አጠፋው ተባለ። ሰው ሰዓቱን ሊወስድበት እንጂ ሊሰጠው አይመጣም ነበር። በክረምቱ መግቢያ በረንዳው ባዶ ሆነ፤ ግድግዳው ላይ የምስማሮቹ ቀዳዳ ብቻ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ለጉዳይ ስሄድ አውቶቡሱ ጉንደ ወይን ቆመና ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር ዣንጥላና ፋኖስ ሲጠግን አየሁት። እሱም አየኝና ተነሣ። አባትሽ እንዴት ናቸው አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት። ዓይናቸውስ? አለኝ። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ጋሼ ሙሳ፣ ሂጂ፣ እንዳያመልጥሽ አለኝ። ሌላ አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው።

ከዚያ ከዳግም ትንሣኤው ቀን አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እዚያው ቆማ ለነበረችው እናቴም።

ሚስተር ፖል እሄዳለሁ ብሎ ሲነሣ ሰዓቱን አባቴ መዳፍ ላይ አኖረው። አባቴ እንደ ልማዳቸው ጨበጡት። አውራ ጣታቸው ወደ ጀርባው ሄደ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ጠርዙን አገኘ፤ ከጠርዙ ወደ መሐል መጣ። ከዚያ ቆመ። አቶ ይልማ ብዕራቸውን ከደኑ።

«ማን ነው የፋቀው?» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

ጋሼ ሙሳ ከበሩ ላይ ሆኖ እኔን አየኝ። እኔ ትሪውን አየሁ።

«እኔ ነኝ፣ አቶ ተገኘ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝ። የሚያምር መስሎኝ ነው።»

አቶ ይልማ መናገር ጀምረው ነበር፤ አባቴ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ፊታቸውን ከበሩ አዞሩና ቀስ ብለው ወደ ምሰሶው፣ እኔ ወዳለሁበት አመጡት።

«የሺ እዚህ ናት?» አሉ።

ከጠጁ አንዱም አልተነካም ነበር። ብርዙም እንዳለ ነው። ትሪውን እንደያዝኩ በእናቴ አጠገብ አልፌ በጓዳው በር ወጣሁ።